አሥር ዓመት ያለፈው የቅንጦት ስፖርት መኪና፦ መግዣው ተገኘ፣ ማኖሪያውስ?

ገና ያልገዛው (#1)

ሰላም ወገኖች። ከልጅነቴ ጀምሮ ፖርሽ 911 ስመኝ ኖሬያለሁ። ለዓመታት ሳጠራቅም ቆይቼ ዘንድሮ ያገለገለ መግዛት የምችልበት ደረጃ ደረስኩ። ዓይኔ ያረፈው 997 በሚባለው ትውልድ ላይ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች እጽፋለሁ፤ ሞዴሎቹም የሚጠሩት በዚያ ነው።)

ሁለት መኪና አግኝቻለሁ። አንደኛው የ2006 ካሬራ ኤስ ነው። የሄደው 38 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ቀለሙ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ሁለተኛው የ2010 ነው። 118 ሺህ ሄዷል፣ አፍንጫው በጠጠር ተነካክቷል፣ የሾፌሩ ወንበር ቆዳ ተጨማድዷል። ግን ባለቤቱ አንድ ወፍራም የሰርቪስ ፋይል አውጥቶ አሳየኝ። የሚጠይቁት ዋጋ ተቀራራቢ ነው።

ልቤ ወደ መጀመሪያው ያደላል። ያልተነካ ይመስላል። ጓደኛዬ ደግሞ ሁለቱንም ተዋቸው፣ ቢኤምደብሊው ኤም3 ግዛ ይለኛል።

የሚያስፈራኝ ማኖሪያው ነው። በየዓመቱ ምን ያህል ልመድብ? ሰው ሳያስበው ኪሱን የሚያራቁተው የቱ ነው? ያያችሁትን ንገሩኝ።

ባለ ጋራዡ (#2)

ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። ከሃያ ዓመት በላይ የእነዚህን መኪኖች ሆድ ስከፍት ነው የኖርኩት። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዝልኝ። መኪናውን የምትገዛው በወረደው ዋጋ ነው። የምትጠግነው ግን በዜሮው ዋጋ ነው። መኪናው ከአዲሱ ዋጋ ሲሶ ላይ ሊደርስ ይችላል። ውሃ ፓምፑ፣ ሾክ አብዞርበሩና የፍሬን ዲስኩ ግን ሲሶ አይሆኑም። እንዲያውም ይወደዳሉ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። በተራ የቤት መኪና ዋጋ ስላገኘው በተራ የቤት መኪና ወጪ ሊያኖረው ይሞክራል።

አሁን ወደ ሁለቱ መኪኖችህ ልምጣ። ኪሎ ሜትሩን ለጊዜው እርሳውና የተሠሩበትን ዓመት እይ። በመካከላቸው ፖርሽ ሞተሩን ቀይሮታል። ከ2009 ሞዴል ጀምሮ የገባው ሞተር ከሥሩ አዲስ ነው።

የድሮው ሞተር ውስጥ ኢንተርሚዲየት ሻፍት የሚባል ዘንግ አለ። ከክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ዙሩን ተቀብሎ ካም ሻፍቶቹን (ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ዘንጎች) ለሚያዞሩት ሰንሰለቶች ያቀብላል። አንዱ ጫፉ ኩሽኔታ ላይ ነው የተቀመጠው። «አይኤምኤስ ኩሽኔታ» ሲሉ የምትሰማው እሱን ነው። ይህ ኩሽኔታ ከተሰባበረ የሰንሰለቱ ጊዜ ይዛባል፣ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩ አለቀ ማለት ነው። ችግሩ ጎልቶ የታወቀው ከ997 በፊት በነበረው 996 እና በዘመኑ ፖርሽ ቦክስተር ላይ ነው። የ996 ቱርቦና ጂቲ3 ሌላ ሞተር ስለያዙ ይህ ነገር አይነካቸውም። ያንተ የ2006ቱ ላይ ኩሽኔታው ተለቅ ያለ ነው፤ ስጋቱም በዚያው ልክ ቀንሷል። ነገር ግን ለመቀየር ሞተሩን ለሁለት መክፈል ይጠይቃል። የ2010ሩ ላይ ዘንጉ ራሱ የለም።

ባለ 3.8 ሊትሩ ካሬራ ኤስ ላይ ከኩሽኔታው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የሲሊንደሩ ግድግዳ ነው። ፒስተኑ ግድግዳውን ይቧጭረዋል። ሲጀምር አይታወቅም። ቆይቶ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ቀጭን የመንቋቋት ድምፅ ይሰማል፣ ዘይት መብላት ይጀምራል፣ ከጭስ ማውጫዎቹ የአንዱ ወገን ከሌላው ይልቅ ይጠቁራል። ካንዴላው ተነቅሎ በቀዳዳው ቀጭን ካሜራ ገብቶ እያንዳንዱ ሲሊንደር መታየት አለበት። ሻጩ ይህን እምቢ ካለ ተመለስ።

38 ሺህ የሚለው ቁጥርም አያባብልህ። መኪና ቆሞም ያረጃል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ መኪናው ሄደም ቆመም በየ2 ዓመቱ ገደማ ቀይሩት የሚባለው ለዚህ ነው። ሲሎቹ ዘይት ሳይደርሳቸው ሲቆዩ ይደርቃሉ፣ ከዚያ ማፍሰስ ይጀምራሉ። እየተነሳ ወዲያው የሚጠፋ ሞተር ደግሞ ይብሳል። ዘይቱ ውስጥ የገባውን ውሃ የሚያተን ሙቀት ላይ ሳይደርስ ነው የሚጠፋው።

ቀዩ ኩፔ (#3)

ጋሼ ያሉት እኔ ላይ ደርሷል። የሠሪውን ስም አልጠራም። 11 ዓመት የሞላው፣ 19 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደ ባለ ሁለት በር መኪና ገዛሁ። ሰው ሁሉ «ዕድለኛ ነህ» አለኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት የመስኮቱን ማብሪያ ስጫን አውራ ጣቴ ላይ እንደ ቅጥራን ያለ ጥቁር ነገር ተለጠፈ። ላስቲክ መሰል ለስላሳ ቅቡ ከዕድሜ ብዛት ቀልጦ ነው። ሬዲዮውም፣ የአየር ማቀዝቀዣው ቁልፎችም እንደዚያው ናቸው። ይህ ለዓይን ብቻ የሚከብድ ነገር ነው፣ ያልፋል። በሁለተኛው ወር የፊት ሾክ አብዞርበር አፈሰሰ። በኤሌክትሪክ የሚቆጣጠሩት ዓይነት ስለሆነ እንደ ተራው በርካሽ አይተካም። በአራተኛው ወር የሞተር ማቀዝቀዣ ውሃው ከፓምፑ ሥር መንጠባጠብ ጀመረ።

ጎማዎቹን ልንገራችሁ። ጥርሳቸው ምንም አልተበላም፣ እንደ አዲስ ነው። ጎን ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ በኋላ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመት ናቸው። 3519 ማለት በፈረንጆች 2019 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። የእኔዎቹ ከመኪናው ጋር የመጡት ናቸው። 11 ዓመት! በእነዚያ ጎማዎች ቤተሰቤን ጭኜ በፍጥነት መንገድ ላይ ሄጃለሁ። ዛሬም ሳስበው ይቀፈኛል።

የወጪ ደብተር (#4)

ቀዩ ኩፔ፣ እንኳን ተርፈህ ነገርከን። ተዋናይ ፖል ዎከር በ2013 ተሳፍሮበት የሞተበት ፖርሽ ካሬራ ጂቲም በዕድሜ የገፋ ጎማ ላይ ነበር። የሎስ አንጀለስ ሸሪፍ ምርመራ ዋናው ምክንያት ከልክ ያለፈ ፍጥነት ነው ብሏል። ጎማዎቹ 9 ዓመት የሞላቸው መሆናቸውንም ጠቅሶ ነበር። መኪናው ውድ ነው ማለት ጎማው ትኩስ ነው ማለት አይደለም።

ለጠያቂው። እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስፖርት መኪናዬን ከገዛሁ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ወጪ በደብተር እጽፋለሁ፣ የንፋስ መስታወት መጥረጊያውን ጭምር።

የገዛሁት ሦስት ዓመት ያገለገለ ነው። ከደብተሬ ያየሁት ይህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ትልቁ ወጪ የዋጋው መውረድ ነበር። ደረሰኝ ስለሌለው ማንም አይቆጥረውም። እየቆየ ሲሄድ መውረዱ እየቀዘቀዘ ጥገናው እየጨመረ መጣ። ኢንሹራንስና ጎማ መካከል ላይ በየጊዜው አሉ። የኋላ ጎማዎቹ ሰፊና ለስላሳ ስለሆኑ ከፊቶቹ በፊት ያልቃሉ። ከፊትና ከኋላ መጠናቸው ስለሚለያይ ደግሞ እያዘዋወርኩ ዕድሜያቸውን ማራዘም አልችልም።

ዋናው ትምህርቴ ግን ወጪው በየዓመቱ እኩል አለመምጣቱ ነው። ሦስት ዓመት ዝም አለ። ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ፍሬን ሸራ፣ በቃ። በአራተኛው ዓመት ፍሪሲዮን፣ ዲስኮችና የሞተር ማሰሪያ ላስቲኮች በአንድ ክረምት ተከታትለው መጡ። ያ አንድ ዓመት የሦስቱን ዓመታት ድምር በላ። ስለዚህ ዝም ያለበትን ወር እንደ ትርፍ አትቁጠረው። እኔ መኪናው አዲስ ሳለ ከነበረው ዋጋ በየዓመቱ ከመቶ ሦስት እጅ ለብቻው አስቀምጣለሁ። አሁን ካለው ዋጋ አይደለም፣ ከአዲሱ ነው። ጋሼ ባለ ጋራዡ ያሉትን እኔ በደብተር ነው የደረስኩበት።

አንድ ሌላ። የምታየው መኪና የፍሬን ካሊፐሩ ቢጫ ከሆነ ቆም በል። ፖርሽ ላይ ቢጫው ብዙ ጊዜ የካርቦን ሴራሚክ ዲስክ ምልክት ነው። ከብረቱ ክብደቱ ግማሽ ያህል ነው፣ በመደበኛ መንገድ ላይም ብዙ ዘመን ይቆያል። ነገር ግን ጎማ ሲፈታ ቸርኬው ዲስኩን ከገጨው ጠርዙ ይሸረፋል። የአራቱ መተኪያ አንድ ተራ ያገለገለ መኪና ሊገዛ ይችላል። ጎማ የሚፈታልህን ሰው እጅ እያየህ ቁም።

ዘጠኝ ሺህ ዙር (#5)

ስለ ኤም3 ጓደኛህ ልክ ነው፣ ግን ሙሉውን አልነገረህም። ከ2007 እስከ 2013 የተሠራው ኤም3 ባለ 4.0 ሊትር ቪ8 ነው። ሞተሩ ኤስ65 ይባላል። በደቂቃ እስከ 8,400 ዙር ይወጣል። ድምፁን አንዴ የሰማ አይረሳውም። ዘመዱ ኤም5 ላይ የነበረው ቪ10 ኤስ85 ነው።

የሁለቱም ደካማ ጎን አንድ ነው። ፒስተኑን የያዘው ዘንግ ክራንክ ሻፍቱን በሚጨብጥበት ቦታ ስስ ብሮንዚኖች (ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው የብረት ቅርፊቶች) አሉ። እነሱ ካለ ጊዜያቸው ይበላሉ። ካለቁ በኋላ ክራንክ ሻፍቱ ይቧጨራል፣ ዘንጉም የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ባለቤቶች ሳይበላሽ በፊት ያስቀይሩታል። ከሥር ዘይት መያዣው ወርዶ የሚሠራ ሥራ ነው። የሥራው ዋጋ ይከብዳል፤ ከአዲስ ሞተር ጋር ሲተያይ ግን ምንም ነው። የአየር በሮቹን የሚያንቀሳቅሱት ሁለቱ ትሮትል አክቹዌተሮችም ይሞታሉ። እነሱን ከሒሳብህ ላይ ጨምራቸው።

ኤም3ን ለማየት ስትሄድ ባለቤቱ እንዴት እንደሚነዳ እይ። የዙር መቁጠሪያው ዳር ላይ ትናንሽ መብራቶች አሉ። ዘይቱ ቀዝቃዛ ሳለ ይበራሉ፣ ሲሞቅ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። መብራቶቹ ሳይጠፉ ሞተሩን የሚያስጮህ ሰው መኪናውን አይሸጥልህ፣ ሸክሙን ነው የሚያሸክምህ።

ያለ ቱርቦ (#6)

እኔ የምለው ሌላ ነው። ለምን ትጨነቃላችሁ? ሆንዳ ኤንኤስኤክስ አለ። ከ1990 እስከ 2005 ተሠራ፣ አካሉ በሙሉ አሉሚኒየም ነው፣ ሞተሩ ቪ6 ነው፣ በየቀኑ ይነዳል። ሌክሰስ ኤልሲ 500 አለ። ከ2017 ጀምሮ ያለ ቱርቦ በ5.0 ሊትር ቪ8 የሚሄድ። ቱርቦ የለም፣ የሚቃጠል ነገር ቀነሰ። ውበትም ፍጥነትም ሳይጎድል እንቅልፍህን ትተኛለህ። ጀርመንና ጣሊያን ካልሆነ ስፖርት መኪና አይደለም ያለው ማነው?

ባለ ጋራዡ (#7)

ያለ ቱርቦ፣ በሌክሰሱ እስማማለሁ። ኤልሲ 500 ለሚነዳ ሰው የማዝነው ለነዳጁ ብቻ ነው። ኤንኤስኤክስ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሞተሩ ጠንካራ ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን ተሠርቶ ካበቃ ቆይቷል፣ የተሠራውም ጥቂት ነው። አንድ የጎን መስታወት ወይም አንድ የአካል ቁራጭ ፈልጎ ማግኘት ወራት ሊወስድ ይችላል። አሉሚኒየም አካል ሲጎዳ ደግሞ ሁሉም ቀጥቃጭ አያቃናውም። አለመበላሸትና ሲበላሽ ቶሎ መጠገን የተለያዩ ናቸው።

ለዚህ ነው ኮርቬትን የማከብረው። ሲ5 እና ሲ6 የሚባሉት የኮርቬት ትውልዶች የያዙት ኤልኤስ የሚባሉት ሞተሮች ቤተሰቦቻቸው ጄኔራል ሞተርስ ፒክአፖች ውስጥ ሁሉ አሉ። ካም ሻፍቱ አንድ ነው፣ ብሎኩ ውስጥ ነው፣ የሚያዞረው ሰንሰለትም አጭር ነው። በብዛት የተሠራ ነገር መለዋወጫውም ይበዛል። ስፖርት መኪና ስትመርጥ የሞተሩን ወንድሞች ቁጠር። ወንድም የሌለው ሞተር ሲታመም ብቻውን ነው።

ቀዩ ኩፔ (#8)

ጋሼ፣ ስለ ፌራሪ አንድ ጥያቄ አለኝ። ለራሴ አይደለም፣ ታላቅ ወንድሜ ነው የተነሳው። ቺንጋ ሲቀየር ሞተሩ ይወርዳል የሚባለው እውነት ነው?

ባለ ጋራዡ (#9)

እንደ ሞዴሉ ነው። ከ1994 እስከ 1999 የተሠራው ኤፍ355 ላይ እውነት ነው፣ ሞተሩ ይወርዳል። ቀጥሎ የመጣው 360 ሞዴና ላይ ከወንበሮቹ ጀርባ ያለውን ክዳን ከፍተህ ቺንጋው ጋ ትደርሳለህ። በ2004 የመጣው ኤፍ430 ደግሞ ቺንጋውን ጥሎ በሰንሰለት ሄዷል። ስለዚህ ለወንድምህ ኤፍ430ን እመርጥለታለሁ። ጭስ ማውጫ ማኒፎልዶቹ እንዳልተሰነጠቁ ግን ያስፈትሽ።

በመሪው ምላስ የሚቀየረው የኤፍ1 ካምቢዮ ከሆነ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ምን ያህል እንደቀረው በኮምፒውተር ይነበባል። ሳያነብ አይግዛ። ያን ዓይነት ፍሪሲዮን ቶሎ የሚጨርሰው ወደኋላ እየሄዱ ዳገት መውጣትና በሰልፍ ውስጥ በትንሽ በትንሹ መንፏቀቅ ነው። አዳዲሶቹ ፌራሪዎች የ7 ዓመት መደበኛ ሰርቪስ ይዘው ይመጣሉ፣ ለሁለተኛው ባለቤትም ይተላለፋል። ጥሩ ነገር ነው። ሰርቪስ ግን ጥገና አይደለም። ዘይቱን ይቀይሩልሃል፣ የተሰበረውን በዚያ ውል አይተኩልህም።

ስድስተኛ ማርሽ (#10)

ሁሉንም ሳነብ ቆየሁ። አንድ ቦታ ላይ አልስማማም። ትንሽ የሄደ መኪና ሁሉ የታመመ አይደለም። አጎቴ በየሁለት ሳምንቱ አውጥቶ ለአንድ ሰዓት ያህል በደንብ አሙቆ ይነዳዋል። ዘይቱን በየዓመቱ ይቀይራል። 14 ዓመት ሞላው፣ 41 ሺህ ነው የሄደው፣ አንድ ጠብታ አያፈስም። እንዲህ ያለውን መኪና «ቆሞ የኖረ» ብሎ መጣል ግፍ ነው።

ባለ ጋራዡ (#11)

ልክ ነህ፣ እቀበላለሁ። አጎትህን በርታ በልልኝ። አጎትህ ግን በየዓመቱ የዘይት ደረሰኝ አለው፣ አይደል? እኔም የምፈልገው ያንን ወረቀት ነው። 38 ሺህ ሄዶ በየዓመቱ ደረሰኝ ካለው ያንን መኪና እኔም እገዛዋለሁ። ጠያቂው ወንድሜ፣ ሁለቱንም ፋይሎች ገልብጠህ ክፍተት ፈልግ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዲሆን ለሻጮቹ አስቀድመህ ንገር። ስትደርስ በእጅህ ንካው፣ ሞቆ ከጠበቀህ የተደበቀ ነገር አለ። የፊት መከላከያው ላይ ባሉት የአየር መግቢያዎችም መብራት አብርተህ እይ። 911 ራዲያተሮቹ ከፊት፣ ከጎማዎቹ በፊት ነው ያሉት። እዚያ ቅጠል ይገባል፣ ይረጥባል፣ ይበሰብሳል፣ ራዲያተሩንም የአየር ማቀዝቀዣውን ኮንደንሰርም ይበላል።

ገና ያልገዛው (#12)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለቱንም አየኋቸው።

የ2006ቱ ጋ ስደርስ ሞተሩ ሞቆ ጠበቀኝ። ሰውየው «ከሩቅ ስለመጣህ ላዘጋጅልህ ብዬ ነው» አለኝ። ጎማዎቹ 2211 ይላሉ፣ የ2011 ማለት ነው። ፋይሉ ውስጥ አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ወረቀት የለም። ካሜራ ማስገባቱን ጠየቅኩት፤ «ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ምን ያስከፍታል» አለኝ። የጭስ ማውጫዎቹን በነጭ ሶፍት ጠረግኳቸው። አንደኛው ግራጫ፣ ሌላኛው እንደ ከሰል ጥቁር ሆኖ ወጣ። አመስግኜው ሄድኩ። ቀለሙ እስካሁን በዓይኔ ላይ አለ፣ አልዋሽም።

የ2010ሩ ቀዝቃዛ ነበር። ባለቤቱ በራሱ ፈቃድ ለምርመራ ሰጠኝ። ገለልተኛ ባለሙያ ጋ ወሰድኩት። የዘይት ፊልትሮውን ወረቀት ቆርጦ እንደ አኮርዲዮን ዘረጋልኝ። በእጥፋቱ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ነገር ፈለግን፣ ማግኔትም አሳለፍንበት። ንጹሕ ነው። ስድስቱም ሲሊንደር በካሜራ ታየ፣ ግድግዳው ላይ የፋብሪካው መስመር አሁንም አለ። የሞተሩ ኮምፒውተርም ተነበበ፣ ከልክ በላይ የተሽከረከረበት የሚያሰጋ ነገር አልተገኘም። የተገኘው ጉድለት፦ ሁለት የተሰነጠቁ ኮይሎች (ለካንዴላው እሳት የሚሰጡት)፣ ያለቀ የኋላ ፍሬን ሸራ፣ በቀኝ በኩል ላብ የጣለው የውሃ ፓምፕ። ፒዲኬ የሚባለው አውቶማቲክ ካምቢዮው ዘይት መቀየሩ በፋይሉ አለ።

ባለ ጋራዡ (#13)

ጥሩ ሠርተሃል። ውሃ ፓምፑን አታቆየው። መንገድ ላይ ቢጥልህ ሞተሩን ያግላል፣ ያኔ ወጪው የፓምፕ አይሆንም። ኮይሎቹን ስድስቱንም አንድ ላይ ቀይር። ሁለቱ ከተሰነጠቁ አራቱም በዚያው ዕድሜ ላይ ናቸው። የሦስቱን ወጪ ደምረህ ከዋጋው ላይ እንዲቀንስልህ ለሻጩ አሳየው። ወረቀቱን ስታሳየው አትከራከርም፣ ያነባል።

ገና ያልገዛው (#14)

ቀነሰልኝ፣ ገዛሁት። ትናንት ፓምፑ ሲቀየር የፊት መከላከያውን አስወርደን ነበር። ከሁለቱም ራዲያተሮች ፊት ሁለት እፍኝ የበሰበሰ ቅጠል በእጄ አወጣሁ። ኮንደንሰሩ አንድ ጥግ ላይ መዛግ ጀምሯል፣ ገና አላፈሰሰም።

የወጪ ደብተር፣ እህቴ፣ እኔም ደብተር ገዛሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው፦ ውሃ ፓምፕ፣ ስድስት ኮይል፣ የኋላ ፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ዘይት። ከሥሩ በእርሳስ «ኮንደንሰር፣ በሚቀጥለው ዓመት» ብዬ ጽፌያለሁ። ከመቶ ሦስት እጁንም ከዚህ ወር ጀምሬ ለብቻው እያስቀመጥኩ ነው። የአዲሱን ዋጋ ስፈልግ አንድ ቀን ፈጀብኝ፣ የድሮ የሽያጭ ብሮሸር ውስጥ ነው ያገኘሁት።